ግብሩ ወረዳ ድረስ ይወርዳል፤ ምርጫውስ?

ሐምሌ በገባ ቁጥር በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ያሉ የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች በሰው ይሞላሉ። የገርጂው ባለ ሱቅ፣ የሰሚቱ ካፌ ባለቤት፣ የመገናኛው ልብስ ነጋዴ ደረሰኝና የሒሳብ መዝገብ ይዞ ወረፋ ይጠብቃል። ክፍያው ዛሬ ዛሬ በቴሌብርና በባንክ ሊያልቅ ቢችልም ግምቱ፣ አቤቱታውና ክሊራንሱ አሁንም ሰውን ከቢሮ ቢሮ ያመላልሱታል። ከንግድ ትርፍ ግብሩ ሌላ የጣሪያና ግድግዳው፣ የቦታ ኪራዩ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳቱ፣ ከውኃ ሒሳብ ጋር የሚቆረጠው የቆሻሻ ማንሻ፣ በየጊዜው ለጸጥታና ለልማት የሚጠየቀው መዋጮ አለ። ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚወጣ ሰው ሲያማርር ይሰማል። ብዙዎች ምሬቱን የክፍያው መብዛት ያመጣው አድርገው ይወስዱታል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ከመጠኑ ይልቅ የሚያንገበግበው ሌላ ነገር ነው። ነዋሪው የሚከፍለው እዚሁ ወረዳው ውስጥ ነው፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የሚጠይቀው፣ መልሱ ካልጣመውም በድምፁ የሚያወርደው የመረጠው ሰው ግን ወረዳው ውስጥ የለም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ በተለይም በምሥራቁ አዲስ ሰፈር የሚኖረው ተጨማሪ ግብር እንዲከፍል ሲጠየቅ፣ በምላሹ ሁለት ነገር ማግኘት ይገባዋል። አንደኛው የወረዳውንና የክፍለ ከተማውን ምክር ቤት በየጊዜው የመምረጥ ዕድል ነው። ሁለተኛው በወረዳው የተሰበሰበውንና የወጣውን ገንዘብ በዝርዝር የማየት ዕድል ነው። ሁለቱ ከሌሉ የግብር ጭማሪ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ የከፋዩን ልብ ግን አያገኝም።

በቅድሚያ የገንዘቡን ስፋት እንመልከት። የከተማው ምክር ቤት ለ2013 በጀት ዓመት ያጸደቀው በጀት 61 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር። በ2015 ወደ 100 ቢሊዮን፣ በ2016 ወደ 140 ቢሊዮን፣ በ2017 ወደ 230 ቢሊዮን ከፍ ብሎ ለ2018 ደግሞ 350 ቢሊዮን ብር ገደማ ደርሷል። በአምስት ዓመት ውስጥ ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። በእርግጥ የብር የመግዛት ዐቅም በእነዚህ ዓመታት ክፉኛ ወርዷል፤ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ያለፈባቸው ወራት ነበሩ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህም ብር በውጭ ምንዛሪ ገበያ ዋጋው ከግማሽ በላይ ወድቋል። ይህ ሁሉ ተቀናንሶም ቢሆን ከተማው ዛሬ የሚያንቀሳቅሰው ሀብት ከቀድሞው በእጅጉ ይበልጣል። ደግሞም አዲስ አበባ እንደ ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት የድጎማ በጀት አይደርሳትም። የምትተዳደረው በዋናነት ከራሷ በምትሰበስበው ገቢ ነው፦ ከነጋዴው ትርፍ፣ ከደመወዝተኛው ግብር፣ ከቤት አከራዩ፣ ከመሬት ሊዝ፣ ከአገልግሎት ክፍያ። ስለዚህ የከተማው በጀት አደገ ሲባል የነዋሪው መዋጮ አደገ ማለት ነው።

ታዲያ ከዚህ ገንዘብ ላይ ነዋሪው የሚያየው ምንድን ነው? ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ በጀቱን ያጸድቃል። በዜና የምንሰማው ጠቅላላ ድምሩን፣ ለካፒታል ፕሮጀክትና ለመደበኛ ወጪ የተመደበውን ድርሻ፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለመንገድ፣ ለድህነት ቅነሳ ትኩረት መሰጠቱን ነው። በዚያ ዜና ውስጥ ቦሌ ቡልቡላ ለሚኖር ሰው የሚሆን መልስ አይገኝም። በእሱ ወረዳ ባለፈው ዓመት ስንት ተሰበሰበ? ከዚያ ውስጥ ለወረዳው ስንት ተመለሰ? ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ስንት፣ ለተሽከርካሪ ነዳጅ ስንት፣ ለስብሰባና ለበዓል ዝግጅት ስንት ወጣ? የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጨረታ ለማን፣ በስንት ብር ተሰጠ? እነዚህ ጥያቄዎች የመንግሥትን ምስጢር አይነኩም። በፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ያሉ፣ ለበላይ አካል በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚደረጉ ቁጥሮች ናቸው። ወደ ላይ የሚወጣው ሪፖርት ወደ ጎን፣ ወደ ከፋዩ ዞር ቢል ምንም ተጨማሪ ወጪ አያስከትልም።

ወደ ምርጫው እንምጣ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አስተዳደሩም ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ ይገልጻል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንዲችል ያዛል። በተግባር የሆነው ግን የሚከተለው ነው። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ሆኖም ከምርጫው በኋላ በተፈጠረው ቀውስ የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ቀረ፣ በግንቦት 1998 በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሾመ። በሚያዝያ 2000 በተደረገው ምርጫ ደግሞ ገዥው ኢሕአዴግ በተራው ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። በሚያዝያ 2005 የከተማ፣ የክፍለ ከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ሲካሄድ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አገለሉ፣ ገዥው ፓርቲም ያለ ብርቱ ተፎካካሪ አለፈ። የዚያ ምክር ቤት ዘመን በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ። በዚያው ዓመት የከተማው ቻርተር ተሻሽሎ ከምክር ቤቱ አባላት ውጭ የሆነ ሰው ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማም በምክትል ከንቲባነት ተሾሙ። ነዋሪው እንደገና ድምፅ የሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲሆን ብልጽግና ፓርቲ 138ቱንም መቀመጫ አገኘ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ አሸናፊው ማንም ይሁን ማን ምክር ቤቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ተሞልቷል። በጀት ሲቀርብ «ይህ ወጪ ለምን?» ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ፣ በማግሥቱም ጥያቄውን ለሕዝብ ይዞ የሚወጣ ተቃዋሚ ወንበር ላይ የለም። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በ2013 የተመረጠው የከተማው ምክር ቤት ብቻ ነው። ወረዳና ክፍለ ከተማ ላይ ምርጫ አልተደረገም። ነዋሪው ለቅርብ አስተዳደሩ ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠው በ2005 ነው። ያኔ የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረ ዛሬ የመራጭነት ዕድሜው ደርሷል።

የለሚ ኩራ ነገር ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ለሚ ኩራ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተቋቋመ። አያትን፣ ሰሚትን፣ ቦሌ አራብሳን፣ የካ አባዶን የመሳሰሉ፣ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከእርሻ መሬትነት ወደ ብዙ ሺህ አባወራ መኖሪያነት የተለወጡ ሰፈሮችን ያቀፈ ነው። ክፍለ ከተማው ሥራ አስፈጻሚ አለው፣ ጽሕፈት ቤቶች አሉት፣ ደንብ አስከባሪ አለው፣ ግብር ይሰበስባል። ነዋሪው ግን ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ የክፍለ ከተማውን ምክር ቤት አንድም ቀን መርጦ አያውቅም። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ደርሶት ሰሚት ወይም አራብሳ የገባ ቤተሰብ ልጁን እዚያ አስተምሯል፣ ግብሩን እዚያ ከፍሏል፣ ውኃ በፈረቃ እየጠበቀ ኖሯል። ወረዳው ላይ ያለው አመራር የተቀመጠው በሹመት ነው፤ የሚነሣውም በላይኛው አካል ግምገማ ነው። ተሿሚ ደግሞ በባሕርዩ ዓይኑን የሚጥለው ወደ ሾመው ነው። ይህ የግለሰቦች ክፋት አይደለም፤ ብርቱና ቅን የወረዳ አመራሮች አሉ። መዋቅሩ ግን ለነዋሪው ብለው ከአለቃቸው ጋር እንዲከራከሩ የሚያበረታታቸው አይደለም።

ይህ ጉዳይ አሁን የሚያስቸኩለው ከፊት ለፊት የንብረት ታክስ ስላለ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚባለው መሠረቱ በ1968 የወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 ነው። የቤቱን ዓመታዊ የኪራይ ግምት ይዞ የሚሰላ ሲሆን ግምቱ ለአሥርት ዓመታት ሳይታደስ ስለቆየ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ቤት ጥቂት መቶ ብር ብቻ ሲከፍል ኖሯል። በ2015 የከተማው አስተዳደር ግምቱን ከፍ አድርጎ መሰብሰብ ሲጀምር ብዙ ባለቤቶች ደነገጡ፤ እናት ፓርቲም ጭማሪው የሕግ መሠረት የለውም ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። በጥር 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። አዋጁ የንብረቱን የገበያ ዋጋ 25 በመቶ የታክስ መነሻ ያደርግና በሕንፃ ላይ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ በመሬት መጠቀሚያ መብት ላይ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ የሚደርስ ምጣኔ እንዲጣል ይፈቅዳል። ለምሳሌ 4 ሚሊዮን ብር የሚገመት ቤት መነሻው 1 ሚሊዮን ይሆናል፤ ምጣኔው ዝቅተኛ ከሆነ በዓመት 1 ሺህ ብር፣ ከፍተኛ ከሆነ 10 ሺህ ብር ይከፍላል፣ የመሬቱ ሲታከል ከዚያም ይጨምራል። ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። ያንን ልዩነት የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው። ጡረተኛው የአያት ነዋሪ ቤቱ በወረቀት ላይ ሚሊዮኖች ማውጣቱ ኪሱ ውስጥ ብር አይጨምርለትም። ስለ እሱ ተከራክሮ ምጣኔውን ዝቅ የሚያስደርግ ወይም እፎይታ የሚያስጠይቅ፣ ስሙንና ስልኩን የሚያውቀው ተወካይ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። አዲስ አበቤ የሚከፍለው ከሚገባው በታች ነው፤ ቦሌ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ያለው ሰው ለከተማው የሚሰጠው ከኪራዩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግብር የማይከፍል ሕዝብ መንገድና ውኃ ሊጠይቅ አይችልም ይባላል። በዚህ ውስጥ ብዙ እውነት አለ። አገሪቱ በግብር የምትሰበስበው ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶ እንኳን አይሞላም፤ ይህም ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ያነሰ ነው። የንብረት ታክስም በመርህ ደረጃ ፍትሐዊ ነው፤ መንገዱና መብራቱ የመሬቱን ዋጋ ሲያንረው ከዚያ ዋጋ ጥቂቱ ለከተማው መመለሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህ መከራከሪያ የሚያግዘው የውክልናን ጥያቄ ነው። ትንሽ የሚከፍል ሰው ስለ አጠቃቀሙ ብዙም ላይጠይቅ ይችላል፤ ብዙ እንዲከፍል የሚፈለግ ሰው ግን በፈቃዱ እንዲከፍል ማሳመን ያስፈልጋል። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የሆነውን እናስታውስ። ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ አነስተኛ ነጋዴዎች በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቃቸውን ዘጉ፤ አቤቱታው ስለበዛ ግምቱ በየቦታው እንደገና መታየት ነበረበት። እምነት የሌለበት ግብር አሰባሰቡ ራሱ ውድ ነው። ከፋዩ ገቢውን ይደብቃል፣ ሰብሳቢው ይጠራጠራል፣ በመካከል ጉቦ ቦታ ያገኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሥራው በዓይን ይታያል» የሚል ነው። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ፣ ከዚያም እስከ ሲኤምሲ ያለው መንገድ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና አረንጓዴ ቦታ አግኝቷል። ይህን መካድ ለእውነት አለመታመን ነው፤ በማታ በዚያ የሚንሸራሸረው ሰው ብዛት ምስክር ነው። ሆኖም ዋናው ጥያቄ ሥራው መሠራቱ ላይ አያቆምም። ለምን ይህ ከሌላው ቀደመ? በስንት ተሠራ? ነገ ማን ይጠብቀዋል? የሚሉት አሉ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ ያለው ጎዳና በ2005 ገደማ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ተሠርቶ ነበር፤ ከአሥር ዓመት ጥቂት ዘግየት ብሎ ደግሞ ዳርና ዳሩ እንደገና ተቆፍሮ ተሠራ። ምናልባት ሁለቱም ተገቢ ነበሩ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስሕተት ያረመ ነበር ወይስ ያለ ፍላጎት የተደገመ ነው ለማለት ግን የሁለቱን ወጪ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰነድ ለሕዝብ መቅረብ ነበረበት። በዋናው አስፋልት ዳር የሚታየው ውበትም ከኋላው ባሉት ሰፈሮች ያለውን አይናገርም። ጎሮና ቡልቡላ ውስጥ ክረምት ሲገባ የሚጨቀየውን የውስጥ መንገድ፣ የሚደፈነውን የጎርፍ ማስወገጃ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። ያንን ወደ በጀት መስመር የሚቀይረው የወረዳ ምክር ቤት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የቀላል ባቡሩ ታሪክ ነው። ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በመገናኛና በሃያ ሁለት አልፎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መስመር ከቃሊቲው መስመር ጋር በ2008 ሥራ ሲጀምር ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በዓይነቱ ቀዳሚ ተብሎ ነበር። የሁለቱ መስመሮች ርዝመት 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። 41 ባቡሮች መጡ። ዓመታት ሲያልፉ በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጦት አብዛኞቹ ቆሙ፤ ዛሬ ሐዲዱ ላይ የሚሮጡት ጥቂት ናቸው። የአያትና የሰሚት ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ለታክሲ የሚሰለፈው እንዲያ ያለ ሀብት የፈሰሰበት ሐዲድ ከአጠገቡ ተዘርግቶ ነው። ግንባታ ፎቶ የሚነሣለት፣ ሪባን የሚቆረጥለት ነው። ጥገና ግን በመደበኛ በጀት ውስጥ ተደብቆ የሚቀር፣ ማንም ካልጠየቀለት በመጀመሪያ የሚቆረጥ ወጪ ነው። ለጥገና የሚጮኸው ጠዋት ባቡሩን የሚጠብቀው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ድምፁ የሚሰማበት ወንበር አልነበረውም።

ውጫዊ ዓይን ባለመኖሩ የሚደርሰውን ጉዳት ከተማው ራሱ በሐምሌ 2014 አይቶታል። ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በይፋ ከወጣ በኋላ መረጃው ተነካክቶ መገኘቱ ታወቀ፤ ዕጣው ተሰረዘ፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ፣ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። አስተዳደሩ ችግሩን በይፋ መናገሩና ዕጣውን መሰረዙ ያስመሰግነዋል። ትምህርቱ ግን ሊረሳ አይገባም። በየወሩ ለዓመታት የቆጠበ ሕዝብ ሀብት የሚወሰንበት ሥርዓት ስሕተቱ የተገኘው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው። የከተማው ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት አለ፣ ለምክር ቤቱም ሪፖርት ያቀርባል። የኦዲት ግኝት ግን ጥርስ የሚያወጣው የሚቀበለው ምክር ቤት ውስጥ ከአስፈጻሚው ጋር የማይወዳጅ አባል ሲኖር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተስፋ መቁረጥ የሚመነጭ ነው። በ2005 የወረዳ ምርጫ ተደርጎ ምን ተለወጠ? ሁሉም ወንበር የአንድ ፓርቲ ሆነ፤ ደግመን ብንመርጥ ያው አይደለም ወይ ይላሉ። ይህ ሥጋት መሬት የረገጠ ነው፤ ምርጫ ብቻውን ሌብነትን አያቆምም። ጎረቤታችን ኬንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት 47 የካውንቲ መንግሥታት አቋቋመች። ናይሮቢ ብቻዋን 85 ቀጠናዎች አሏት፤ እያንዳንዱ የራሱን ተወካይ ይመርጣል። ሙስናው አልጠፋም። ነገር ግን የአገሪቱ የበጀት ተቆጣጣሪ የካውንቲዎችን የበጀት አፈጻጸም በየሩብ ዓመቱ ያትማል፤ በዚያው አቆጣጠር በ2020 መጨረሻም የናይሮቢ ካውንቲ ምክር ቤት ገዥውን ማይክ ሶንኮን ከሥልጣን ለማንሣት ድምፅ ሰጠ፣ የአገሪቱ ሴኔትም አጸናው። በእኛም አገር በከተማና በወረዳ ምርጫ መካከል ልዩነት አለ። ለከተማ ምክር ቤት ወንበር ለመወዳደር ትልቅ ፓርቲና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። በወረዳ ደረጃ ግን ጎረቤት የሚያውቃት ጡረተኛ መምህርት ወይም ሐቀኛ ነጋዴ በግል ተወዳድሮ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ሕጉም የግል ዕጩን አይከለክልም። ተቃዋሚ ፓርቲዎችም ከ2005ቱ ሊማሩ ይገባል፤ ከታች ያለውን ምርጫ ጥሎ ወጥቶ ከላይ ሥልጣን መጠበቅ ሕዝብን ያለ ወኪል ያስቀራል።

አራተኛው የአቅም ጥያቄ ነው። የሰፈር ሰው በጀት ማንበብ ይችላል ወይ? መልሱ በየሰፈሩ ያለው እድር ነው። የቦሌና የየካ እድሮች የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አላቸው፤ ዳኛቸውን፣ ጸሐፊያቸውንና ገንዘብ ያዣቸውን ይመርጣሉ፣ ሒሳባቸውን ያስመረምራሉ፣ በጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ያቀርባሉ። ድንኳኑ ስንት ተገዛ፣ ወንበሩ ለማን ተከራየ ብሎ የሚጠይቅ አባል አይጠፋም፤ ገንዘብ ያጎደለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመረጥም። ይህን የሚያደርግ ሕዝብ የወረዳውን የወጪ ሰንጠረዥ ለመረዳት ሞግዚት አያሻውም። በመንግሥት በኩልም ልምዱ አለ። ከ1998 በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም በብዙ የአገሪቱ ወረዳዎች በጀትና ወጪ በቀላል ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ ነበር። በገጠር የተቻለው በቦሌ የማይቻልበት ምክንያት የለም። በደርግ ዘመን እንኳ ከ100 ብር በታች የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌው ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበረው አፈና የሚያስመኝ ባይሆንም ገንዘቡ ለመንደሩ ሥራ መዋሉን ጎረቤት በዓይኑ ያይ ነበር።

«የቦሌ ገንዘብ ለቦሌ ብቻ ይዋል ልትሉ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄም ይነሣ ይሆናል። አይደለም። ትልልቅ ሆቴልና ሕንፃ የሞላበት ሰፈር ከአዲስ ከተማና ከጉለሌ ድሃ መንደሮች የበለጠ ማዋጣቱ፣ ከዚያም ወደ እነሱ መሄዱ የአንድ ከተማ ልጅነት ግዴታ ነው። የሚጠየቀው ክፍፍሉ በምን ቀመር እንደሆነ በግልጽ እንዲጻፍ ነው። ሰጪው ገንዘቡ ለተቸገረ ጎረቤት ትምህርት ቤት መዋሉን ካወቀ ቅር አይለውም፤ የሚቆረቁረው የት እንደደረሰ አለማወቁ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ጊዜው አይደለም» የሚለው ነው። የጸጥታው ሁኔታና የምርጫ ወጪ ይጠቀሳሉ። ነገር ግን በ2013 አገሪቱ በጦርነትና በወረርሽኝ መካከል እያለች በአዲስ አበባ ምርጫ ተካሂዷል፤ ነዋሪው ለሰዓታት ተሰልፎ በሰላም መርጧል። የአሁኑ የከተማ ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመን በ2018 ይሞላል። ያው መራጭ፣ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ቀን ለወረዳውና ለክፍለ ከተማው አንድ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ቢሰጠው የሚያስወጣው ወጪ ከአንድ አደባባይ ግንባታ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ቀን ካልሆነም የሚካሄድበት ቀን በሕግ ይቆረጥ፤ ከ2005 ወዲህ ላልተካሄደ ምርጫ «ይታሰብበታል» ብቻ አይበቃውም።

እስከዚያው ድረስ ነዋሪው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ፣ ለጥያቄውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል። የአንድ ሰሚት ብሎክ ነዋሪዎች ኮሚቴ፣ የአንድ ገርጂ እድር ወይም የአካባቢው ነጋዴዎች ማኅበር ተፈራርሞ የወረዳውን የዓመት ገቢና ወጪ በጽሑፍ ቢጠይቅ ሕገ ወጥ ነገር አላደረገም። መልስ ቢያገኝ ያንብበው፣ ለጎረቤቱም ያንብብለት፤ ቢከለከል ክልከላውን በጽሑፍ ይያዝና ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሂድ። አስተዳደሩም ይህን እንደ ጠብ ሊያየው አይገባም። ሒሳብ የሚጠይቅ ከፋይ ከማይከፍለው ይሻላል።

ከከተማው ምክር ቤት የሚጠበቀው እንግዲህ ግልጽ ነው። የንብረት ታክሱን ምጣኔ ከመወሰኑ በፊት የወረዳና የክፍለ ከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ የሚካሄድበትን ቀን ያስቆርጥ። እያንዳንዱ ወረዳ የሰበሰበውን፣ የተመደበለትንና ያወጣውን በየሩብ ዓመቱ በሰሌዳና በድረ ገጽ ያውጣ። ከንብረት ታክሱ የታወቀ ድርሻ በተሰበሰበበት ወረዳ ይቅር፣ ቀሪው ለድሃ ወረዳዎች የሚከፋፈልበት ቀመርም ይታተም። የዋና ኦዲተሩ ሪፖርት ለምክር ቤቱ በቀረበበት ዕለት ለሕዝብም ይቅረብ። እነዚህ አራቱ ከተፈጸሙ የቦሌም የለሚ ኩራም ነዋሪ የንብረት ታክሱን ሊከፍል ይችላል፣ ሊከራከርበትም ይችላል፤ ሲከራከርም የሚያነጋግረው የራሱን ተመራጭ ይሆናል። ራስን በራስ የማስተዳደር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ከተጻፈ 30 ዓመት አልፎታል። ወረዳው ድረስ ማውረዱ የዚህ ትውልድ ሥራ ነው።